ጎንበስ ብዬ ያነሣኋት የሸሚዝ ቁልፍ

ይህን የምጽፈው ጀርባውን ታሞ ሐኪም «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ላለውና ልቡ ለሁለት ለተከፈለበት ሰው ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ስለ በሽታው ሐኪም የሚያውቀውን አላውቅም። የማውቀው በእኔና ጫልቱ በምትባል እህቴ ላይ የደረሰውን ነው። እህቴ የምላት በሥጋ አይደለም፣ በጸሎት ነው። ስለ ራሴ ብቻ ብጽፍ ታሪኩ «ታምሜ ነበር፣ ዳንኩ» ብሎ ያልቅ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ናዝሬት ነበር። ባለቤቴ ተፈራ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን በረንዳችን ላይ አቁሞ ለሰፈሩ ሰው ይሰፋ ነበር። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሰናይት ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሕመሙ የያዘኝ ቦኖ ውሃ ላይ ነው። ጀሪካኔ ሞልቶ ላነሣው ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ቀና ልበል ብል አቃተኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች የምቀልድ መሰላቸው።

«ኧረ እትዬ ጽጌ፣ ወረፋው እኮ ረጅም ነው! እዚሁ ልትሰግጂ ነው?» አለች አንዷ።

ላብ ፊቴን ሲያጥበው ሲያዩ ነው የገባቸው። ሁለቱ በብብቴ ገብተው ቤት አደረሱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ዳሌዬ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ጋለ ሽቦ ይወርድ ጀመር። መቆም ያመኛል፤ መቀመጥ ደግሞ ይብሳል። የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት መጣ ሲባል ሰው ይደሰታል፤ እኔ ግን ሰልፉን እያሰብኩ አለቅስ ነበር።

ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ወገቤን በጡጫ መታ መታ አድርጎ «ኩላሊት ነው» አለና መርፌ አዘዘልኝ። አሥር ቀን ተወጋሁ። ሌላው «ሪህ ነው፣ ሥጋ አቁሚ» አለኝ፤ ሥጋ ከየት መጥቶ! ጎረቤቶቼ ደግሞ በአንድ አፍ «ብርድ ነው» አሉ። እኛ ዘንድ ስሙ ያልታወቀ በሽታ ሁሉ ብርድ ነው። ወጌሻም ዘንድ ሄጄ በቅቤ አሸኝ፤ ሲጨርስ በእግሬ የሄድኩት ሴትዮ በሰው ጀርባ ተመለስኩ። በዚህ እመክራለሁ፤ የጀርባ አጥንት እንደ ወለምታ አይታሽም።

ሶደሬም ወርጄ አንድ ሳምንት ፍል ውሃ ገባሁ። ውሃው ውስጥ ሳለሁ እንደ ልጅነቴ እሆናለሁ። ስወጣ ግን ሕመሜ ከነልብሴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድኩ። የወሰደኝ ባለ ጋሪ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ስጮህ ሰምቶ ከወንበሩ ወረደ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ፣ መንገዱን እየመረጠ፣ በእግሩ ሄደ። ስሙን አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ከጎኔ የመቂ ሰው ነበር፤ በመኪና ላይ ሽንኩርት ሲጭን ወገቡ ተቀጨ። እንደ እኔ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ነው የተቀመጠው።

«እርስዎ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ» አለኝ። «ከሩቅ ላየን የተኳረፍን ባልና ሚስት ነው የምንመስለው።»

ሳቅኩ፤ መሳቁም አመመኝ።

«እኔስ ሽንኩርት ተሸክሜ ነው። እርስዎ ምን ተሸክመው ነው?»

«ውሃ» አልኩት።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ነርሷ ታስተረጉምልናለች። በአጥንትና በአጥንት መካከል እንደ ጉዝጓዝ ሆኖ እንዳይፋጩ የሚያደርግ ልስልስ ነገር አለ አለኝ፤ ያ ነገር ከቦታው ወጥቶ ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ኦፕራሲዮን ስለሚሆን አዲስ አበባ እንድሄድ ወረቀት ጻፈልኝ። ነርሷ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እግርሽ ከደነዘዘ አትቆዪ» አለችኝ።

ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ ነበር። «አከርካሪው የተከፈተ ሰው ተነሥቶ አይሄድም» ይላሉ። ተፈራም ቁርጥ አድርጎ «እኔ አልፈርምም። ብትቀሪብኝ ለእነዚህ ልጆች ምን እላቸዋለሁ?» አለኝ። እኔም ከሕመሙ ይልቅ ቢላዋውን ፈራሁ። ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ፣ እኔ አልጋ ላይ፣ ወራት ሄዱ።

አሁን ወደ ጸሎቱ ልምጣ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቶ ነበር። የምንሰበሰበው ጡረታ የወጡ መምህር በሆኑት በጋሽ ዘለቀ ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ አንድ እያልን እንገባለን፤ ጫማችንን ደጅ አንተውም፤ ሬዲዮው ከፍ ተደርጎ ይከፈታል። ጫልቱን ያገኘኋት እዚያ ነው። ባሏ ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነው፤ በየሐሙሱ በአውቶቡስ ትመጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት። ጀርባዋ ውስጥ አንድ እብጠት በቅሎ ዋናውን ነርቭ እየተጫነ ነበርና በዱላ ነበር የምትሄደው። ለእሷም ኦፕራሲዮን ታዞላታል፤ እንደ እኔም ፈርታለች። አጠገብ ለአጠገብ እየተቀመጥን ማን ቀድሞ ከመቀመጫው እንደሚነሣ እንወራረድ ነበር።

«ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን ያነሣል» ትላለች።

አንድ ሐሙስ ሁሉም እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሙቀት ጀርባዬን ሲሞላው ተሰማኝ። ስነሣ ሕመሙ የለም። ውሸት አልናገርም፣ ያን ሰዓት በእውነት አልነበረም። ቆሜ መሰከርኩ፤ «ድኛለሁ፣ ቢላዋ አያስፈልገኝም» አልኩ። እልል ማለት ስለማይቻል ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ላይ እያውለበለቡ በዝምታ አመሰገኑ። የነጠላውን ንፋስ ፊቴ ላይ እስከ አሁን አስታውሰዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልብስ ሳጥብ ሕመሙ ተመለሰ።

ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ይህ ሕመም አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ፋታ ይሰጣል። እኔ ግን ያን ሐሙስ ስለሆነው አልፈርድም፤ አላውቅም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ ባደረግኩት ላይ ነው። ዝም አልኩ። በዚያ ወራት ከወንድሞቻችን አንዱ በእምነቱ ታስሮ ነበር፤ ሚስቱ ምሳ ስትወስድለት ምስክርነቴን ነግራው «በረታሁ በያት» ብሎ ላከብኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ብዬ «ተመልሶብኛል» ልበል? የእግዚአብሔርን ስም የማሰድብ መሰለኝ። ሕመሜን ለስሙ ስል የምደብቅለት መሰለኝ።

ከዚያ ጫልቱ ቤቴ መጣች። በረንዳው ላይ ተፈራ ይሰፋል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜአለሁ፤ ቆሜ ስታየኝ የዳንኩ መሰላት።

«እትዬ፣ አካም ጅርታ!» ብላ ሳመችኝ። ከዚያ ከደረቷ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። የአዲስ አበባው ሆስፒታል አልጋ ይዞላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ልትተኛ ነው።

«እውነት ድነሻል?» አለችኝ።

«እሱ ይመስገን» አልኩ። ይህ መልስ አልነበረም።

ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም። ከስፌት መኪናው ሥር አንድ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ወድቆ ነበር፤ በዱላዋ ጠቆመችው።

«እስቲ ጎንበስ ብለሽ እሱን አንሺልኝ።»

ተፈራ መኪናውን አቆመ።

ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ ፊት እንደ መብረቅ ብልጭ አለ። ጥርሴን ነክሼ ቁልፏን አነሣሁና ፈገግ ብዬ መዳፏ ላይ አኖርኩላት። እሷም እንደ ሕፃን ሳቀች፤ ቁልፏን መልሳ ወለሉ ላይ ጣለቻት።

«ድገሚው!»

ደገምኩት።

ጫልቱ አለቀሰች። ቁልፏን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ «ይቺን ለምልክት እወስዳታለሁ» አለች። ካርዱን እዚያው ስፌት መኪናው ላይ ትታው ሄደች። ዱላዋ የመንገዱን ጠጠር ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ እስኪርቅ ሰማሁት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተኛሁ፤ ተፈራ ነው ያነሣኝ።

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አለኝ።

«እምነቷን ላፍርስባት?»

በማግሥቱ ከወፍራም ሸራ ሰፊ መቀነት ሰፋልኝ፤ ሰው እንዳያይብኝ ከቀሚሴ ሥር እታጠቀው ነበር። ወገቤን ስለሚይዘው ሕመሙን ቀለል ያደርግልኛል። ባሌ ይወደኛል፤ ያ መቀነት ፍቅሩ ነው። ግን ሁለታችንም ከሐኪም የምንሸሽበት መሸሸጊያ ሆነን። በየሐሙሱ ያን ታጥቄ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ጫልቱ ካጠገቤ ትቀመጣለች። እንደ በፊቱ ስንወራረድ እኔ ቀድሜ እነሣለሁ። እሷን ማንሣት ግን በየሳምንቱ እየከበደ መጣ፤ «የእኔ ተራ ደግሞ ይመጣል» ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ከጓዳ ወደ በረንዳ ስወጣ ሰናይት ጮኸች።

«እማዬ! ደም! እግርሽ ውስጥ መርፌ አለ!»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከጓዳው ጀምሮ ወለሉ ላይ የደም ነጠብጣብ ተከትሎኛል። የተፈራ የስፌት መርፌ ቀኝ ውስጥ እግሬ ውስጥ እስከ ግማሹ ገብቷል። አልተሰማኝም። ልጄ መርፌውን ስትነቅለውም አልተሰማኝም። እየነቀለች የምታለቅሰው እሷ ነበረች። የነርሷ ቃል ያኔ ትዝ አለኝ፤ እግርሽ ከደነዘዘ አትቆዪ።

በዚያው ቀን ጋሽ ዘለቀ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መቀነቱን ሳይቀር ፈትቼ አሳየኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ መድኃኒት ተዉ ብለን አስተምረን እናውቃለን?»

«አያውቁም።»

«እግዚአብሔር እኮ ለስሙ ብለሽ እንድትዋሺለት አይፈልግም። ሂጂ ታከሚ። ከመሄድሽ በፊት ግን ለጫልቱ ንገሪያት። እኔ ልንገራት?»

«አይ ጋሼ፣ ከእኔ አፍ ትስማ» አልኩ።

አልነገርኳትም። መጀመሪያ የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ መመላለስ ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ ለራሴ ሌላ ምክንያት ሰጠሁት። ታክሜ፣ ድኜ፣ በእግሬ ሄጄ ብነግራት የበለጠ ትበረታለች አልኩ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩት እንጂ እውነቱ ኀፍረት ነው። ያን ሳቋን አስታውሳለሁ፤ ያንን ማፍረስ አቃተኝ።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ያገሬ ልጅ ነበር፤ ወጣት ነው፣ ቁጡ ይመስላል። ጀርባዬ ውስጥ መድኃኒት ወግቶ ሌላ ራጅ አነሣኝ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ለእኔና ለተፈራ አሳየን።

«ካሁን በፊት መምጣት ነበረብዎት» አለ። «ቃል አልገባልዎትም። እግርዎ የደነዘዘው ላይመለስ ይችላል። አደጋም አለው። ካልተሠራ ግን ሁለተኛው እግርና ሽንትዎም ይከተላሉ።»

«ዶክተር፣ እናትህ ብትሆን ምን ትላት ነበር?» አልኩት።

ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። «እናቴ ብትሆን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ይሥራላት እላለሁ» አለ። «ግን ይሠራላት ነው የምለው።»

ያ ቃል ነው ያስወሰነኝ። ሰው ይህን መጠየቅ ያፍራል፤ እናንተ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ተፈራ እስክሪብቶውን ያዘ። ስንት ሺህ ልብስ የሰፋ እጁ የገዛ ስሙን መጻፍ አቅቶት ሁለት ጊዜ ተወው። በሦስተኛው ፈረመ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራሁ። ከዚያ ጫልቱን ጠራሁ። ከጎኔ የተኛችው አሮጊት ሰምተውኝ «ልጅሽ ናት?» አሉ። «ያታለልኳት ሰው ናት» አልኩ። እጃቸውን በጨለማው ዘርግተው እጄን እስኪነጋ ያዙልኝ፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

ስነቃ ነርስ የእግሬን ጣት ቆንጥጣ «ይሰማዎታል?» አለችኝ። የግራው ተሰማኝ። የቀኙ አልተሰማኝም። ግን ያ የጋለ ሽቦ የለም። ሕመም ሳይኖር ዝም ብሎ መተኛት ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ሦስት ሳምንት በጀርባዬ ተኛሁ፤ ከዚያ ግድግዳ ይዤ እንደ ሕፃን ዳዴ አልኩ። ዛሬ ቀኝ እግሬ ትንሽ ይጎተታል፤ ጀርባዬም አይታጠፍም። ከወለል የወደቀ ነገር ለማንሣት ተንበርክኬ ነው። ግን እሄዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ ልጆቼን አሳድጌአለሁ።

ናዝሬት የተመለስኩ ቀን ጋሽ ዘለቀ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ሲያዩኝ አልተነሡም። ያኔ አወቅኩ።

እኔ ሆስፒታል በተኛሁ በሁለተኛው ሳምንት ጫልቱ ጠዋት ከአልጋ ልትነሣ ስትል ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዟትም። ባሏ አዝሎ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሞቹ የኦፕራሲዮኑ ጊዜ አልፏል፣ ነርቩ ሞቷል አሉት። በቀጠሮዋ ቀን መጥታ ቢሆን ኖሮ ብለውም ጠየቁት፤ ለምን ቀረች? መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር።

ወንጂ የሄድኩት መራመድ በቻልኩ በሳምንቱ ነው። ጋሽ ዘለቀ አብሬሽ ልሂድ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። የሠራተኞቹ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ተኝታለች። ልጆቿ ደጅ ሸንኮራ ይመጥጣሉ። ስገባ እየጎተትኩ የምሄደውን እግሬን አየች።

«ተሠራልሽ?» አለችኝ። ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጥንም።

«ተሠራልኝ።»

«አሳዪኝ።»

ጀርባዬን ሰጥቻት ልብሴን ገለጥኩ። ጣቷ ጠባሳዬ ላይ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ዘርግታ ለካችው።

«ስንዝር እንኳን አይሞላም» አለች። «ይቺን ነው የፈራሁት?»

ዞሬ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳት። ሕመሙ የተመለሰበትን ቀን፣ መቀነቱን፣ መርፌውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ሻሿን ከትራሷ ሥር አወጣች፤ ቋጠሮው ለረጅም ጊዜ ሳይፈታ ስለቆየ በጥርሷ ነበር የፈታችው። ነጯን የሸሚዝ ቁልፍ አወጣችና ወለሉ ላይ ጣለቻት።

«ተነሺና ቁሚ» አለችኝ።

አልጋውን ይዤ ተነሣሁ።

«አሁን ጎንበስ ብለሽ አንሺልኝ።»

ቁልፏን አየኋት። ጫማዬ አጠገብ ነበረች።

«አልችልም፣ ጫልቱ» አልኩ። «ያን ቀንም አልችልም ነበር። ያመኝ ነበር።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«አዎ» አለች። «እንዲህ ነበር የሚባለው።»